የአቶ ዋሴ ቅጣው ሕይወትና ያልወጣው እርማት

አቶ ዋሴ ቅጣው ከአባታቸው ከአቶ ቅጣው ደጅይጥኑ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውባንቺ መንግሥቴ በዋግ ሕምራ፣ በደሃና ወረዳ መስከረም 12 ቀን 1957 ዓ.ም ተወለዱ። የቤቱ በኩር ነበሩና እንደ በኩር ነው ያደጉት፤ ሥጋው ለእሳቸው፣ መረቁ ለእኛ ነበር። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ጥሩሐረግ ነኝ፤ ከቤተሰቡ ጽሕፈት የሚሆንላት እሷ ናት ተብሎ ተሰጠኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አንደኛ ደረጃን በአምደወርቅ፣ ሁለተኛ ደረጃን በሰቆጣ ተከታተሉ። የትምህርት ቤቱን የግድግዳ ጋዜጣ የሚያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ። አፍ የፈቱት በኽምጣኛ ቢሆንም አማርኛቸው እንከን አይወጣለትም ነበር። የእኛን አማርኛ ሰው ፊት ያርሙ ነበር፤ የእናታችንንም ጭምር።

ከ1978 ዓ.ም ጀምሮ በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ በ1985 ዓ.ም «ተከዜ ማዶ» ለተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ የሰቆጣ ዘጋቢ ሆኑ። ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ዋና አዘጋጅ መባል። ደብቀውትም አያውቁም። በ1986 ዓ.ም ከወይዘሮ መሰረት ጋር ጋብቻ ፈጽመው ትእዛዙንና ትግስትን ወለዱ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለአንድ ዜና ሁለት ቀን በእግራቸው ይጓዙ እንደነበር አልክድም። ኋላ ግን እግራቸው ሰነፈ። ዜና በጊዜው አለማድረስ እንጂ ቦታው አለመድረስ እንደማያስነቅፍ ገባቸው።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የአበርገሌን ሰብል ሁኔታ ባሕር ዳር ወዳለው የጋዜጣው ቢሮ መላክ የእሳቸው ሥራ ነበር። በጥቅምት 1995 ዓ.ም ወደ አበርገሌዋ ከተማ ወደ ኒሯቅ ለመውረድ መንገዱ ከበዳቸው፤ ቆላውም ሞቃቸው። ሰቆጣ ቁጭ ብለው የ1994ቱን ዜና ከፋይላቸው አወጡ፣ ዓመተ ምሕረቱን ቀየሩ፣ በስልክ አነበቡት። ጋዜጣው «በአበርገሌ የማሽላው ቁመና አጥጋቢ ነው» ብሎ ወጣ። እኔ ያኔ ከኒሯቅ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ባለች መንደር ከባለቤቴ ከየሻምበል ጋር እኖር ነበር። ማሽላችን ጉልበቴ ላይ ሳይደርስ ደርቆ ቆሞ ነበር።

የእርዳታ እህል ወረፋ ሲወጣ ያቺ ጋዜጣ ወረፋውን በሚያወጡት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነበረች። የእኛ ቀበሌ ወደ መጨረሻው ዙር ተገፋ። እህሉ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ልጄ ሰርካለም በአምስት ዓመቷ የሞተችው የካቲት 9 ቀን ነው። አቶ ዋሴ ለቅሶ ደርሰው፣ ድንኳን ውስጥ ከሁሉም በላይ አልቅሰው ተመለሱ። በሚያዝያ ወር «ዜና አስተጓጉሎ አያውቅም» ተብለው ምክትል አዘጋጅ ሆነው ወደ ባሕር ዳር ተዛወሩ።

በ1999 ዓ.ም የተመኙትን አገኙ፤ ዋና አዘጋጅ ተባሉ። እኔም የዚያን የማሽላ ዜና እርማት ራሴ ጽፌ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ ቢሯቸው ገባሁ። «ጋሼ፣ አሁን የሚከለክልዎት የለም፤ ይችን ያውጡልኝ» አልኳቸው። ቀይ እስክሪብቷቸውን አንስተው አነበቡት። «ሐሰት» የሚለውን ሰርዘው «መጠነኛ ስህተት» አሉት። የልጄን ስም ሰረዙ። የመጨረሻውን መስመር እንዳለ ሰረዙት። «እርማት የሰው ስም አይጠራም፤ ደግሞም ረዝሟል» አሉኝ። ምሳ ጋብዘው መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ያቺ ያሳጠሯትም ሳትወጣ ቀረች። በዚያው ወር የኳስ ጨዋታ ውጤት ተሳስተው ኖሮ ይቅርታ ጠይቀው አርመዋል፤ ጋዜጣውን ገዝቼ አይቼዋለሁ።

በ2001 ዓ.ም መጨረሻ የጉበት ሕመም አደረባቸው። ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡ ወደ ሰቆጣ መጡ፤ አራት ወር ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። አጥቤያቸዋለሁ፣ አጉርሻቸዋለሁ። በመጨረሻው ሳምንት የጋዜጣው ሰዎች ሊጠይቋቸው ሲመጡ እርማቱ እንዲወጣ እንዲነግሩልኝ ጋሼን ለመንኳቸው። «ያረጀ ዜና ነው፣ ጥሩዬ፤ ማን ያነበዋል?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ግንቦት 3 ቀን 2002 ዓ.ም በተወለዱ በ45 ዓመታቸው አረፉ።

ሽማግሌዎቹ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን ይህን የሕይወት ታሪክ አሳጥሪው ብለውኛል። ሌላውን አሳጥሬያለሁ፤ ይኼን ግን እንደጻፍኩት አነበዋለሁ፦

«እርማት። በጥቅምት 1995 ዓ.ም በአበርገሌ የማሽላው ቁመና አጥጋቢ ነው ብለን ያወጣነው ሐሰት ነው። ዘጋቢያችን ቦታው አልሄደም። በዚያ ዓመት በኒሯቅ ዙሪያ ማሽላ አላፈራም። ሰርካለም የሻምበል የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ እህል ሳይደርስላት ሞታለች። የዘጋቢው የእህት ልጅ ነበረች።»

አቶ ዋሴ ባለቤታቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ሴት ልጃቸውን እና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። ትእዛዙና ትግስት፣ አባታችሁ ለእናንተ ጥሩ አባት ነበሩ፤ ከዚህ ውስጥ የእናንተ ጥፋት የለበትም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፣ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፋቸው። እኔ እስካሁን አልማርኳቸውም። በዚህ እሱ ይቅደመኝ።