ሃያ አራት የምትል መለኪያ ለመረጡልን

ለተከበሩ ኦቦ ዲሪርሳ፣
የ«ጤና ለጎረቤት» በጎ አድራጎት ማኅበር የስኳር መለኪያ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ኮሚቴውስ፣ ወንበሮቹስ ደህና ናቸው? እኛ ቤት ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም ደህና ነን። የጎደለችው ከልጅነቷ ጀምሮ ኢንሱሊን ትወጋ የነበረችው፣ መለኪያችሁን ከእጅዎ የተቀበለችው ታላቅ እህቴ መብሩካ ናት። ስለዚህም ጊዜዎን ላለመሻማት ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. መሣሪያዋን የመረጣችኋት ሰማያዊና ለሴት ቦርሳ የምትመች በመሆኗ እንደሆነ በመድረክ ላይ አብራርተውልናል። በውበቷ ቅር አልተሰኘንም። ስትከፈት በማናውቀው ቋንቋ ሰላምታ ታሰማለች፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ሰላም ላለን ሁሉ አጸፋ የምንመልስ ሰዎች ለእሷ ዝም ማለታችን ከብልግና እንዳይቆጠርብን።

2. የስትሪፑ፣ ማለትም የደም ጠብታ የሚነካባት የመለኪያዋ ቁራጭ፣ ጉዳይ። ሲያልቅ ከየት እንደሚገዛ ባለፋርማሲውን ኦቦ ገርባን መለኪያዋን በተቀበልንበት ቀን ብጠይቃቸው፣ «ይቺ እኮ መርፌ የማይገኝላት የስፌት መኪና ናት» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

3. እዚህ አገር በለመድነው መለኪያ ቁጥሩ ከሰባ ከወረደ ጣፋጭ ስጡ፣ ኢንሱሊኑን አቆዩ ተብለን ተምረናል። የእናንተዋ ግን በሌላ አገር አሃድ ትቆጥራለች፤ የእሷ አንድ የእኛ አሥራ ስምንት ነው። ይህን የነገረን የለም። በማግስቱ ጠዋት መብሩካ ስታስመልስ ለካናት፤ 24 አለች። እናቴ ሬሐና «ወላሂ ወርዶባታል! ሩጥ፣ ከሱቅ ለስላሳ አምጣ!» አለችኝ። አጠጣናት። ከሰዓት ስንደግመው 29 አለች። «ጨመረላት፣ አልሃምዱሊላህ» ተባባልን። ሲመሽ አልነቃ ብላን ሆስፒታል ስናደርሳት ሐኪሙ ስኳሯ ከአምስት መቶ ማለፉን ነገረን። አልተረፈችም።

የፊዚክስ መምህራችን አሃድ ላልጻፈ ተማሪ ዜሮ ይሰጣሉ። ለእናንተ ስንት እንደሚሰጧችሁ ብጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

አባቴ ሊያነጋግርዎ ሲመጣ «መመሪያው ሣጥኑ ውስጥ አለ» ብለው ስለሸኙት ከልብ እናመሰግናለን። በእርግጥም አለ፤ ሰላምታ በምታሰማበት በዚያው ቋንቋ።

አሁን በመጪው ቅዳሜ ይህችኑ መለኪያ በፉሪ አዳራሽ ልታድሉ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ልመናዬ አንድ ነው፦ ወይ ቀይሯት፣ ወይም በእያንዳንዷ ጀርባ ላይ «24 ካለች ስኳር በጣም ከፍ ብሏል፤ ጣፋጭ አትስጡ፤ ወደ ሐኪም ሩጡ» የሚል ወረቀት በሁለቱም ቋንቋ ለጥፉ። ወረቀቱን ለመቁረጥ የሚበቃ ሰው ከኮሚቴው ከታጣ፣ የክፍል ጓደኞቼ መቀሳቸውን ይዘው በደስታ ይመጣሉ።

ስለ ውብ ምርጫችሁ እጁ እስኪቀላ ያጨበጨበው፣ ለክብርዎ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳው፣

ሱሩር የህያ
የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ሰበታ

ማሳሰቢያ፦ የፉሪውን ባነር ዛሬ በታክሲ ሳልፍ አየሁት። መብሩካ መለኪያዋን ይዛ ትስቃለች፤ ከሥሯ «ደስተኛ ተጠቃሚያችን» ተብሎ ተጽፏል። እባክዎ ከቅዳሜ በፊት ያውርዱልን። እሷ ስትስቅ ሰው ያምናታል።