አሜን ባይዋ ስትመርቅ

የኔ ዓለም አያሌው፣

በሞት ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ሰው ፊት አንቱ፣ ጓዳ ስንገባ አንተ እያልኩህ ኖርን፤ አሁንም ሁለታችን ብቻ ነንና አንተ እያልኩ ልጻፍልህ።

ቤቱ ደህና ነው። ገብሱ ዘንድሮ አላሳፈረንም። ቦራ በሬህ እንደ ድሮው ቀንበር ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ልጃችን የሺ ከዓረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር ልብስ ትሸጣለች። ባለፈው ጥር ደግሞ ዳርናት፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም የዚያን ቀን የሆነው ነገር ነው።

ታውቀኛለህ፣ እኔ አፍ አልነበረኝም። ጤና ጣቢያ ሄደን የት ነው የሚያምሽ ስባል እንኳ የምትመልሰው አንተ ነበርክ፤ ደግሞ ተሳስተህ አታውቅም። እንግዳ ሲሸኝ፣ ልጅ መንገድ ሲወጣ አንተ ትመርቃለህ፣ እኔ አሜን እላለሁ። ምርቃትህ ሲረዝም የቆመው እንግዳ እግሩን ሲቀያይር እያየሁ በሆዴ እስቅ ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ ገሳይ ገበያ ወርጄ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ገብሴን እየሰጠሁ እመለስ ነበር። አንድ ቀን እምቢ አልኩ። ጆንያዬን መልሼ ማሰር ስጀምር ሰውዬው ዋጋውን ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ለመድኩት፣ እድር ላይም እጄን አውጥቼ ተናገርኩ።

የሠርጉ ሳምንት ሲደርስ፣ የሺ ጉልበት ስማ ስትወጣ ወንድምህ ጋሼ ተገኘ እንዲመርቋት ዘመድ ሁሉ ተስማማ። እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን ልጄን በራሴ አፍ መርቄ ልሸኛት ፈለግሁ። ሄጄ ነገርኳቸው። እንግዲያው አሜን ባዩ እኔ እሆናለሁ አሉኝ።

ከዚያማ ጠዋት ጠዋት ላም ሳልብ ቦራን ስመርቀው ሰነበትኩ። እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርግሽ እለዋለሁ፣ እሱ ያመነዥካል።

ቀኑ ደርሶ የሺ ጉልበቴን ስትስም ያጠናሁት ሁሉ ጥፍት አለ። ዳስ ሙሉ ሰው ያየኛል። ጋሼ ተገኘ ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ አየሁና አሁን ሊተኩኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ያኔ ገበያ ስወጣ ሁልጊዜ በር ላይ ቆመህ የምትለኝ ትዝ አለኝ። በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ አልኳት። ከዚያ ቃል ቃልን እየሳበ መጣ። ውለጂ ክበጂ፣ ደጅሽ እንግዳ አይጣ፣ በቤትሽ ቃልሽ ይሰማ አልኳት። የመጨረሻዋን ካንተ አልሰማኋትም፣ የራሴ ናት።

ዳሱ ሙሉ አሜን አለ። የጋሼ ተገኘ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር። የሺም እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

አሁን ልጃችን መጥታ ስትመለስ በር ላይ ቆሜ፣ ያንተን ቃል አስቀድሜ የኔን አስከትላለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ምርቃትህ ከዚህ በር አይጠፋም። ዕድሜ ልኬን አሜን ስል ኖሬ፣ አሜን ሲሉልኝ የሰማሁት ገና ያን ቀን ነው። ደስ ይላል፣ አያሌው። ለካ ምርቃትህን የምታስረዝመው ለዚህ ኖሯል!

ባለቤትህ አስናቁ