ሁሉም ካለፈ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ይድረስ ለአባዬ፤

ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ወንድሜ፣ እሱ ቤት ከገቡ ወዲህ፣ ደረጃ እንዳይወጡ ከልክሎዎታል አሉ። እባክዎ፣ እሱን እንኳ ይስሙት። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም።

የኮሌጁ ዲን ደውሎልዎት ነበር አይደል? የልጅዎ የሒሳብ ክፍል አንድም ተማሪ ሳይቀር አለፈ፣ ምን ይላሉ ብሎ ቢጠይቅዎት፣ "ሁሉም ካለፈ ፈተናው ቀልድ ነው" አሉት። ይህንኑ በስብሰባ መሀል የእርስዎን ድምፅ እያስመሰለ ነገረን። ሰዉ ሳቀ። ሆዴ እያረረ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ውጤቱ ተሰረዘ። ተማሪዎቼ በወሩ መጨረሻ ድጋሚ ይፈተናሉ፤ ምንም ቢሠሩ ግማሹ ብቻ ያልፋል። ይህን ሕግ ያስጀመሩት እርስዎ ስለሆኑ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ለእኔ ቢደውሉ ምን ነበረበት? የማስተምረው እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ለሰሌዳው ብቻ ባስተማሩበት አዳራሽ ነው። ቅዳሜና እሁድ የሚመጡልኝ ሳምንቱን ሲሠሩ የሰነበቱ፣ ደብተር ከያዙ ዘመን ያለፋቸው ሰዎች ናቸው። ሳይጠሩት አቤት የሚለውን የፊት ወንበር ተማሪ መጀመሪያ ዝም አሰኘሁት። ጥያቄ ስሰጥ ሁሉም ብቻውን ይሞክራል፤ ቀጥሎ ለጎረቤቱ ያስረዳል፤ እጅ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በየሳምንቱ አጭር ፈተና አለ። የተሳሳተ ሰው የት እንደሳተ ጽፎ ከመለሰልኝ ግማሹን ነጥብ እመልስለታለሁ። ይኸው ነው ጥንቆላዬ።

የማጠቃለያ ፈተናውን ደግሞ እኔ አላወጣሁትም። እርስዎ ጡረታ ሊወጡ በመጨረሻው ዓመት ያወጡት ነው፤ አንድ ቁጥር አልነካሁም። ቀልድ ያሉት የራስዎን ፈተና ነው። ለስብሰባው ብናገር ማን ሰምቶኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እማዬ ከዚያው አዳራሽ በእርስዎ ኮርስ ወድቃ እንደወጣች ረስተው ይሆናል። ኋላ ሲያገቧት "ለቤት ከበቂ በላይ ተምረሻል" ማለትዎን ግን እሷ እስከ ዛሬ ትናገረዋለች።

አባዬ፣ እማዬ ዘንድሮ ተመዝግባ ነበር። እኔው ክፍል፣ ከኋላ፣ ከአንዲት ነርስ ጎን። መጀመሪያ አካባቢ ትንፍሽ አትልም ነበር። አንድ ቅዳሜ ነርሷን "ቆይ፣ እዚህ ጋ ነው የሳትሽው" ስትላት ሰማኋትና ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። ተማሪ ፊት ማልቀስ አልፈለግኩም። ወረቀቷን ያረመው ባልደረባዬ ነው፤ ሰማንያ ሁለት አመጣች። ወረቀቱን እዚህ እኔ ቤት፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋው ነበር።

መሰረዙን ስነግራት ወረቀቱን ቀስ ብላ አነሳችው።

"አባትሽ እኔ እዚያ ክፍል እንዳለሁ ያውቃል?" አለችኝ።

አያውቅም አልኳት።

"እንግዲያው አትንገሪው። ይከፋዋል።"

ነገርኩዎት። እሷ ለእርስዎ አዘነች፤ እኔ ግን እስካሁን አላዘንኩልዎትም። የዲኑ ስልክ አለዎት፤ ጠዋት ጠዋት ከቢሮው አይጠፋም።

ጉልበትዎን ይማርልኝ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ፤ እማዬ ስትመረቅ ለማየት የሚበቃ ዕድሜ።

ልጅዎ