ከጓሮ በኩል የሚመጣው መብራት

ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ
ጥቅምት 2002 ዓ.ም.

ውድ ሠናይት፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ መጀመሪያ ማን ሞተ ብለሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። ማንም አልሞተም። ቤቴን ልሸጥ ነው።

አንቺ የራስሽን ቤት ስትሸጪ ለእኔ ለመንገር አልቸኮልሽም፤ ጠበቃሽና ደላላው ካወቁ በኋላ ነው የሰማሁት። ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ልወቅስሽ ፈልጌ አይደለም» እል ነበር፤ አሁን ግን ማስመሰሉ ደከመኝ።

ከካርጎ ቢሮው ጡረታ ወጥቻለሁ። ኬክ ተቆረሰልኝ፣ አበባ ተሰጠኝ፣ አለቃዬ ስሜን አሳስቶ ንግግር አደረገ፣ በማግስቱ የምሄድበት አጣሁ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። «እንዴት ነሽ አጸደ?» ይሉኛል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፣ በዚያው እንለያያለን። ሐምሌ ላይ ክፉ ጉንፋን ጥሎኝ ሰነበትኩ። ስልኬን ራስጌዬ አድርጌ ብጠብቅ የደወለልኝ ወንድሜ ባንታየሁ ብቻ ነው፤ እሱም ከአዲስ አበባ፣ ያውም ስለ እናታችን የመቃብር ሐውልት ሊያማክረኝ። በሬን ያንኳኳው ደግሞ ብርቱካን ሊሸጥልኝ የመጣው የግቢያችን ዘበኛ፣ አስካሪው ነው፤ አልፈልግም ብዬ መለስኩት። እዚህ ከተማ ብኖርም ባልኖርም ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ቤቱን ለመሸጥ የወሰንኩት እዚያው አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ባንታየሁም አንድ ክፍል ቀለም አስቀብቶ «ነይ» አለኝ።

ገዢዎቹ አዲስ የተጋቡ ልጆች ናቸው። ልጅቱ ወጥ ቤቱን አይታ «ትንሽ ይጨልማል» አለች። ሰው ሲበዛበት አይጨልምም ብዬ ዋሸኋት። በዋጋው ተስማማን፣ የመሬቱ ወረቀት ተጣራ፣ ሁሉ ነገር አለቀ ስንል የሚያበድራቸው ባንክ አንድ ነገር ጠየቀ። የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር አደጋ የማያስከትል መሆኑን ፈቃድ ያለው ባለሙያ መርምሮ ሰርተፊኬት ይስጥበት ተባለ። ዌስትላንድስ ያለው ጠበቃዬ «ይሄ ፎርማሊቲ ነው ማማ፣ ዶንት ዎሪ» አለኝ። መጨነቅ የጀመርኩት እሱን ስሰማ ነው። ሰርተፊኬቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀረበ ልጆቹ ሌላ ያዩት ቤት አላቸው። እኔ ደግሞ ሌላ ገዢ እስኪመጣ እዚህ ብቻዬን መክረም አልፈልግም።

ቶሎሳ የዘረጋልንን ገመድ ታስታውሺያለሽ?

በ1992ቱ ድርቅ መብራት በፈረቃ የሆነ ጊዜ ነበር። የእኔና ያንቺ ቤት ጀርባ ለጀርባ ቢሆኑም መንገዳቸው የተለያየ፣ መስመራቸውም ለየቅል ነበር። እኔ ጋ ሲጠፋ አንቺ ጋ አለ፤ አንቺ ጋ ሲጠፋ እኔ ጋ አለ። የሠፈሩ ሰው ሻማ ገዛ፣ ያለው ጄኔሬተር ገዛ። እኛ ደግሞ አዲስ አበባ እንዳደግንበት ከጎረቤት መስመር መቀጠል ታየን። ይፈቀዳል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ሽንኩርት ሲያልቅብን በአጥር ላይ እንደምንቀባበለው ነው ያየነው።

ቶሎሳ ኤርፖርት ውስጥ የሻንጣ መኪናዎችን ኤሌክትሪክ ሲጠግን ስለሚውል የቤት መብራት እንደ ጨዋታ ነበር የሚያየው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሰርሰሪያውን ይዞ መጣና ካንቺ ወጥ ቤት በአጥሩ ግርጌ ገመድ አሳለፈልኝ። ከምድጃዬ በላይ አንድ አምፖል፣ ከሥሩ አንድ ሶኬት ተከለ። ማብሪያውን ግን አንቺ ወጥ ቤት አደረገው። ላንቺም እንዲሁ፤ አምፖሉ እዚያ፣ ማብሪያው እኔ ጋ። «ምነው የራሴን ራሴ ባበራው?» ብለው «ያንቺን መብራት እሷ፣ የእሷን አንቺ ታበራላችሁ፤ አለዚያ ቆጣሪ ላይ ትጣላላችሁ» አለኝ። ምሳውን በልቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ እኔ ጋ በጠፋ ቁጥር ሳልጠራሽ ታበሪልኝ ነበር። ጨለማ እንደምፈራ ነግሬሽ አላውቅም። ይህን ያህል ዕድሜ ያላት ሴት ጨለማ እፈራለሁ አትልም። ማወቅሽን ግን አውቅ ነበር።

አሩሻ ሥራ አግኝተሽ የሄድሽ ቀን ዕቃሽ ሲጫን ወጥ ቤቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። የልብስ ሳጥንሽ በደረጃው ሲወርድ ሰማሁት። ዞሬ መጥቼ ልሰናበትሽ አስቤ ጫማዬን አጥልቄ ነበር። ከዚያ ደግሞ እሷ ትምጣ እንጂ፣ የምትሄደው እሷ አይደለችም ወይ አልኩ። አንቺ ምን ብለሽ እንደቀረሽ አላውቅም። መኪናው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ካንቺ የሚደርሰኝ የበዓል መልእክት ብቻ ሆነ፤ እሱም ለሁሉም ሰው አንድ ላይ የተላከ መሆኑ ያስታውቃል። «ለእናንተና ለመላው ቤተሰባችሁ» ይላል። የትኛው ቤተሰቤ ነው ሠናይት?

ከሄድሽ በኋላ መብራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠፋ ከምድጃው በላይ ያለው አምፖል በራ። ቶሎሳ ዕቃሽን ሊፈታታ የመጣ ሰሞን በራሱ እንዲበራ አድርጎት ሄዷል ብዬ አሰብኩ። እሱ ጁባ ሥራ ይዞ ስለሄደ የምጠይቀው አልነበረም፣ እኔም ለማጣራት አልፈለግሁም። ዘንድሮ እንደገና ድርቅ ሆኖ ፈረቃው ሲመለስም በየጊዜው በራልኝ። የሚያበራው ሰው ይሆናል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም።

ባለፈው ረቡዕ መርማሪው መጣ። ሚስተር ኦኬች ይባላል፤ ቴስተሩን ደረት ኪሱ ላይ የሰካ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ሳሎኑን አየ፣ መኝታ ቤቶቹን አየ፣ ጥሩ ነው ጥሩ ነው እያለ ጻፈ። ከዚያ ዋናውን ማጥፊያ አጠፋና ወጥ ቤት ገብቶ ያን የምድጃውን ሶኬት ክዳን ፈታ። ቤቱ ጨለም አለ። ጣቱን ወደ ሽቦው ሲሰድ ከራሱ በላይ አምፖሉ በራ።

እጁን እንዴት እንደሰበሰበው ብታዪ።

«ማማ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ዋናውን አጥፍቻለሁ አይደል?»

«አጥፍተሃል።»

«ታዲያ ይሄን ማን አበራው?»

«በራሱ ነው የሚበራው።»

«ስቲማ በራሱ አይመጣም» አለኝ፤ መብራት ማለቱ ነው። ቴስተሩን አወጣ፣ ገመዱን በዓይኑ ተከተለው፣ እስከ አጥሩ ሄዶ ተመለሰ። ፊቱ ተለውጦ ነበር። «ነክቼው ቢሆን ለሚስቴ ምን ትያት ነበር?» አለኝ። እኛ እኮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አደጋ አልታየንም። ገመዱ ከሁለቱም በኩል ካልተነቀለ ሰርተፊኬት እንደማይሰጥ፣ የዚያኛው ቤት ባለቤትም ባለችበት መሆን እንዳለበት ነገረኝ።

«አላውቃትም» አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያለችው?»

«ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው።»

ዕቃውን ሰበሰበ።

ቤትሽን የገዛችውን ሴት በዓይኔም አይቻት አላውቅም ነበር። ልብሷን ግን አውቀዋለሁ፣ ገመድ ላይ ሲሰጣ። አሰጣጧን እንኳ አልወደድኩላትም። አንቺ የነበርሽበት ቤት ውስጥ መግባቷ ነው ጥፋቷ። ሐሙስ ዕለት ያን ሁሉ ረድፍ ዞሬ፣ በዋናው በር ወጥቼ ባንቺ መንገድ ገብቼ በርሽን አንኳኳሁ። በርሽን እላለሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ።

ዋንጂሩ አንገቷ ላይ ሜትር እንዳንጠለጠለች ከፈተችልኝ። ቤቷ ሆና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። «ካሪቡ ጂራኒ» አለችኝ። ጂራኒ ጎረቤት ማለት መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ፤ እኔን ግን በዚህ ስም የጠራኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ስለ ገመዱ መናገር ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ትናንት ስቲማ የጠፋብሽ መስሎኝ ነው ያበራሁት» አለች። «ከላይ ስሰፋ የወጥ ቤትሽ መስኮት ይታየኛል። ሲጨልም ወርጄ አበራልሻለሁ። ሰው እየነካው ነበር እንዴ? ፖሌ ሳና፣ በጣም ይቅርታ።»

«ማን ነገረሽ እንድታበሪልኝ?»

«ሴኒ» አለች፣ አንቺን ማለቷ ነው። «ቁልፉን ያስረከበችኝ ዕለት ማብሪያውን አሳየችኝ። ከጓሮ ያለችው ሴት ጨለማ ትፈራለች፣ እኔ ነገርኩሽ ግን እንዳትዪ አለችኝ።»

ወንበር ስባ ሰጠችኝ። ተቀመጥኩ።

«አሁንም ትደውላለች» አለች ዋንጂሩ። «ናይሮቢ ፈረቃ ገባ ሲባል ትሰማና ለአጸደ አበራሽላት ወይ ትለኛለች። ሐምሌ ላይ መስኮትሽ ተዘግቶ ሲሰነብት የደወልኩላት እኔ ነኝ። በጣም ተጨነቀች። አስካሪውን ብርቱካን አስይዤ ላክሁት፣ አልፈልግም ብላ መለሰችኝ አለ። ስትስል ሰምቻታለሁ ሲለኝ በሕይወት አለች ብዬ ለሴኒ ነገርኳት።» ቀጠለችና ሳቀች፤ «የእኔ አምፖል ግን አንድም ቀን በርቶ አያውቅም።»

እኔ ጋ ያለውን የእሷን ማብሪያ አንቺ የሄድሽ ሳምንት የዱቄት ጣሳ ገትሬ ከልዬዋለሁ። ይህን አልነገርኳትም። ላንቺ ነው የምነግርሽ።

በማግስቱ ኦኬች መጣ። ዋንጂሩ ያንቺን በኩል ይዛ፣ እኔ የእኔን በኩል ይዤ ቆምን፤ እሱ ቆረጠና ገመዱን ከቱቦው ውስጥ ሳበው። አምፖሉንም ነቅሎ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፈነው። ያኔ አለቀስኩ። ለቤቱ ያለቀስኩ መስሎት «ፖሌ ማማ፣ ሌላ ቤት ይገኛል» አለኝ። ምግብ ማብሰያዬ ላይ ተደግፎ ሰርተፊኬቱን ጻፈልኝ። ንጹሕ ወረቀት ነው፤ ቤቱ ምንም አደጋ የለበትም ይላል።

ቤቱን ላለመሸጥ ምክንያት ፈልጌ ነበር። ዋንጂሩን እንኳ ጠየቅኋት፤ «ወንድም ቀለም ቀብቶ ሲጠብቅሽ ምን ታደርጊ ብለሽ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ነገ ዌስትላንድስ ሄጄ እፈርማለሁ። ከሐሙስ ወዲህ በየቀኑ ምሳ አብረን እየበላን ነው። አድራሻሽንም የሰጠችኝ እሷ ናት፤ ስልክሽማ አለኝ። ብደውልልሽ ግን ድምፅሽን ስሰማ ደህና ነኝ ብዬ እዘጋዋለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ተናድጄብሻለሁ ሠናይት። እኔን መጠየቅ እየቻልሽ ሦስት ዓመት ስለ እኔ ሌላ ሰው ስትጠይቂ ኖርሽ። እኔ ደግሞ ብቻዬን ነኝ ብዬ ሳለቅስ፣ አንቺ ሳሌን ሳይቀር ታውቂ ነበር። ደስም ብሎኛል፤ ይህን መካድ አልችልም። ዋንጂሩ የነገረችኝን ማታ ማታ ለራሴ እየደገምኩ ነው የምተኛው። ሁለቱን እንዴት ባንድ ላይ እንደምሸከመው ግን አላውቅበትም።

ገመዱ ተነቅሏል። ከኅዳር በኋላ ዋንጂሩ በመስኮቷ ብታይ የሚታዩዋት እነዚያ ልጆች ናቸው። እንግዲህ ስለ እኔ የምትጠይቂው ሰው የለሽም። እስከ ኅዳር መጨረሻ እዚሁ ነኝ፣ ቁጥሬም አልተቀየረም።

እኔን ጠይቂኝ።

ጎረቤትሽ፣
አጸደ