በሩቅ ስላለ ልጅ

ለውድ ወንድሜ ያደታ አምባዬ፣

የጌታ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ? አከም ጅርታ? ባለቤትህ አያንቱስ ጤናዋ እንዴት ነው? ትንሿን ዱሬቲን ሳሉ ለቀቃት ወይስ ብርዱ ገና አልተዋትም? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የአዳማ የጥር ነፋስ ብቻ እንደ ልማዱ የመንገዱን አቧራ አንስቶ ሳሎናችን ያስገባልናል፤ በቀን ሁለቴ ብጠርግም አልቻልኩትም።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። አብራው የተላከች ወረቀት ስላለች ነው፤ እሷን በእጅህ እንድትይዛት ፈለግሁ። የምታደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ፎዚያ ናት፤ ፈቃዷን ጨርሳ እናንተ ወዳላችሁበት ወደ በርገን ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነው። እኔን ታውቀኛለህ፣ ፋርማሲ ውስጥ የምውል ሰው ነኝ፤ የታዘዘውን አንብቤ እሰጣለሁ እንጂ ከራሴ አልጨምርበትም። አሁንም ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የምጽፍልህ።

ከአባዬ ዓይን ልጀምር። ባለፈው ወር ቢሾፍቱ ወስጄ አስመርምሬው ነበር። ሐኪሙ ግላኮማው የግራውን እንደጨረሰው፣ የቀኙም እስከ ፋሲካ ከቆየ ጥሩ እንደሆነ ነገረን። አባዬ እስከ ፋሲካ የሚለውን በምን እንዳወቀ ጠየቀው። ምስኪኑ ሐኪም ተማሪው ስላልነበረ ደነገጠ፤ እኔ ሳቄን ዋጥኩት።

ተማሪዎቹ ያቺን ጥያቄ ያውቋታል። መንፈሳዊ ኮሌጅ ውስጥ የሃይማኖት ፍልስፍና ባስተማረባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ተለውጦ አያውቅም። “ጸሎቱ የተመለሰለት እጁን ያውጣ” ይላል። ክፍሉ በሙሉ ያወጣል። “በምን አወቃችሁ?” ይላል ቀጥሎ። አንዳንዱ ይናደዳል፣ አንዳንዱ ሄዶ ለሽማግሌዎች ይከሰዋል። እሱ ግን ሊያስክዳቸው ፈልጎ አልነበረም። አያታችን አርሲ ነገሌ እህል ሲነግዱ ጆንያውን ሚዛን ላይ ሳያወጡ ኪሎውን አይናገሩም ነበር ይባላል፤ አባዬም ስለ እግዚአብሔር ሲናገር እንደዚያው ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉን ስለ እምነትና ስለ ማስረጃ ጻፈ፣ ሁለተኛውን ስለ መከራ። ሦስተኛው ስላልተመለሰ ጸሎት ነው፤ እማዬ ካረፈች ጀምሮ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ቆሟል። ለምን እንደቆመ ሁለታችንም እናውቃለን።

በመቃብሯ አጠገብ እናቴ ለምን አልዳነችም፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማርከው ይህንን አይደለም ወይ አልከው። “አላውቅም” አለህ። ያ ሁሉ ሰው አልጋዋን ከብቦ ትድናለች ሲልህ ከርሞ፣ አባትህ በአንዲት ቃል ሲመልስህ ልብህ ቢሰበር አልፈርድብህም። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። ከእኔ ጋር ታወራለህ፣ አባዬን አቅርቢልኝ ብለህ ግን አታውቅም። እሱም ስልኩን ስጪኝ ብሎ አያውቅም። ስጨርስ ደህና ናቸው ወይ ይለኛል፣ ደህና ናቸው እለዋለሁ፣ በቃ። የተወህ መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ታዝቤውም ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ሳጥን ትዝ ይልሃል? በሩ አጠገብ የተሰቀለችው። ሰው የጸሎት ርዕሱን ስሙን ሳይጠቅስ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይጨምራል፤ ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት የጸሎቱ መሪ አቶ ዱጋሳ አንድ በአንድ እያነበቡ ይጸለይበታል። ከነዚህ መሃል ለዓመታት ቀርታ የማታውቅ አንዲት አለች፦ “በሩቅ ስላለ ልጅ፤ በሰላም እንዲኖር፣ ድምፁም እንዲሰማ።” የማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ልጁን ዐረብ አገር የላከ ሁሉ ለእኔ ነው ብሎ አሜን ይላል። እትዬ አበባ ደግሞ አንድ ደግ ሰው ለልጃቸው ለኢዩ እንደሚጽፋት ቅንጣት አልተጠራጠሩም፤ ኢዩ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎት ነበርና።

ጥቅምት ላይ ኢዩ ሳይታሰብ ከች አለ። እሁድ እትዬ አበባ ለምስክርነት ወጡ፤ ስሙን ሳይጽፍ ለልጄ የለመነልኝን ሰው ጌታ ይባርከው ብለው አለቀሱ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። አባዬ አጠገቤ ነበር፤ ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ አሜን አለ፣ ስንወጣም ኢዩን እቅፍ አድርጎ ሳመው። አቶ ዱጋሳ ያቺ ርዕስ ተመልሳለች፣ ከእንግዲህ የምስጋና ናት ብለው አስታወቁ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ወረቀቷ እንደገና ሳጥኑ ውስጥ ተገኘች። አቶ ዱጋሳ የድሮዋ ተረስታ ነው ብለው ቀደዷት። በሚቀጥለውም ረቡዕ ተገኘች፣ በሦስተኛውም። በአራተኛው ተቆጡ፤ የተመለሰን ጸሎት እንደገና መለመን አለማመን ነው፣ የሚጽፋት ሰው ይተው፣ እኔም ከእንግዲህ አላነባትም አሉ። እኔ እንኳ ልክ ናቸው ብዬ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት አባዬ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የጀመራት ወረቀት ነበረች፤ መስመሩ በመስመሩ ላይ እየተደረበ አስቸግሮታል። አልሆነልኝም፣ አንቺ ጻፊልኝ አለኝ። “በሩቅ ስላለ ልጅ” ብሎ ጀመረ። የቀረውን ሳይነግረኝ ጻፍኩት።

የእኔ ናት ብለህ ለምን አትነግራቸውም አልኩት። “የአበባን ደስታ ላበላሽ? ደግሞስ የእኔው ጸሎት ለኢዩ ተመልሶ ቢሆንስ? አላውቅም” አለኝ። አቶ ዱጋሳ አላነባትም ብለው የለም ወይ ስለው፣ “ሳጥኑ የዱጋሳ አይደለም” አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያቺን “አላውቅም” ስሰማት ደረቅ ትመስለኝ ነበር። ያን ቀን አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የመጨረሻውን ምዕራፍ እየነገረኝ እጽፋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እንዲህ አጻፈኝ፦ “ልጄ ለምን ብሎ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት። እውነት ነበር። ነገር ግን እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ሳላቅፈው ነው ያልኩት።” ወዲያው ይሄ ክርክር አይደለም፣ ሰርዢው አለኝ። ሰርዣለሁ አልኩት እንጂ አልሰረዝኩትም። የዓይኑ መድከም የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን እንደምጽፍልህ አያውቅም። ደውልም ብዬ አላዝህም፣ ታላቄ ነህ። ረቡዕ እስከ ስምንት ተኩል ቤት እንደሚሆን፣ የስልክ ቁጥሩም እንዳልተለወጠ ብቻ ልንገርህ።

አያንቱን፣ ሚልካ በብዙ ሰላም ብላሻለች በላት። ፎዚያ በያዘችው ጣሳ ውስጥ ያለው የገብስ ጭኮ የእሷ ነው፤ አክስታችን ከአርሲ ነገሌ ልካ ነው፣ ሳታካፍላት እንዳትጨርስባት። ዱሬቲን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፣ አያቷ ስንት ክፍል እንደደረሰች በየጊዜው ይጠይቀኛል። እትዬ አበባና ኢዩ ሰላም ብለውሃል።

ወረቀቷን ከዚሁ ጋር አጥፌ ከትቻታለሁ፤ ያን ቀን በራሱ እጅ ጀምሯት የነበረችው ናት። መስመሯ ተደራርቧል፣ ግን ትነበባለች። ይህቺኛዋ ሳጥኑ ውስጥ አልገባችም። እግዚአብሔር ዘንድ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትላክ ኖራለች፤ ላንተ ግን እስከ ዛሬ ማንም ልኳት አያውቅም።

ታናሽ እህትህ
ሚልካ አምባዬ
አዳማ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.