ልብስ የለበሰው ላፕቶፕ

ይድረስ ለልጄ፤ እኔና እናትሽ ደህና ነን፣ አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ?

ባለፈው እሑድ በላፕቶፑ ፊት ለፊት እየተያየን ስናወራ፣ «አባዬ፣ ሐኪሙ እኮ...» ስትዪ ላፕቶፑ ጠፍቶ ስክሪኑ ጨለመ። ባበራውም መልሶ ይጠፋል። የወሰድኩበት ጠጋኝ «አባባ፣ ይሄ አርጅቷል፤ አዲስ ይግዙ» ቢለኝ፣ «እኔንስ በማን ልትቀይረኝ ነው?» ብዬው ይዤ ተመለስኩ። ራሴ ስመረምረው ጎኑ እንደ እሳት ይፋጃል። ለካ አቧራ እንዳይገባበት ያለበስኩት ጨርቅ የአየር መውጫውን ደፍኖታል። እናትሽ ስትስቅብኝ ዋለች። ጨርቁን ገፍፌ ካበራሁት ወዲህ ግን አንዴም አልጠፋም።

በስልክ እንዳትነግሪኝ፤ እኔ ወሬ የምሰማው ፊት እያየሁ ነው። ሲቋረጥ ፈገግ ብለሽ እንደነበር አይቻለሁ፤ እናትሽ ግን አላስተዋልኩም ትላለች። እሑድ ከ«ሐኪሙ እኮ» ቀጥይልኝ። ላፕቶፑ ከአሁኑ ራቁቱን ተቀምጦ ይጠብቅሻል፤ እኔም አጠገቡ ነኝ።

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ።

አባትሽ