ዝቅ ያደረግኳት ፒክአፕ

ሽብሩ፣

ትናንት አንተ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስትውል ፒክአፗን ዝቅ አደረግኳት። ብጠይቅህ እንቢ ትል ነበር። ከፍ ያደረጓትን ብረቶች ከባሌስትራው ሥር አውጥቼ ጓሮ ትቻቸዋለሁ።

ጥቂት ከነዳህ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቃቸው። ጭቃ ላይ እንደ ድሮው አትዳፈር።

ማክሰኞ እናትህ ገበያ ውለው ሊሳፈሩ ሲመጡ እግራቸውን ሁለቴ አነሱ፤ አልደረሰም። ልደግፋቸው ስል "ተወኝ ተገኘ፣ እንደ ጆንያ አልጫንም" አሉኝና በዚያ ዝናብ ሆመቾ ቤታቸው ድረስ በእግራቸው ሄዱ። አንተ "እሷ መራመድ ትወዳለች" አልክ። ገበያተኛው ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ብረቱን ያስገባሁትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ደክሞኛል፣ ሽብሩ።

ሥራውን ስጨርስ ጎረቤታችንን እትዬ ትርፊትን "እስቲ ይሞክሩልኝ" ብዬ ለመንኳቸው። በዕድሜ ከእናትህ ይበልጣሉ። ማንም ሳይደግፋቸው ወጥተው ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው "በል እንሂዳ!" አሉኝ።

እኔ ወፍጮ ልጠግን ዳምቦያ ሄጃለሁ፤ እስከ ሰኞ አልመለስም። እንጀራው መሶቡ ውስጥ አለ።

ነገ ሆመቾ ሂድ። ምን እንደምትላቸው እኔ አልነግርህም።

ተገኘ